ጋሽ ይመርና የክብሪት ቀፎ የምታክለው ቃኚ

ጋሽ ይመር መሞቱን የሰማሁት ሪያድ፣ ባጥሐ ሰፈር፣ ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ግማሽ ፊቴ አረፋ ተቀብቶ ነው። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ አንድ የኮምቦልቻ ሰው ለፀጉር አስተካካዩ የአገሩን ወሬ ያወራል። ማን አገባ፣ ማን ቤት ሠራ፣ ማን ታመመ ሲል ቆይቶ፣ "ባዲዓ አቡ ናይፍ ጋ ሹፌር የነበረው ይመርም አረፈ፤ ይኸው ሁለት ሳምንት ሞላው" አለና ወደ ሌላ ወሬ አለፈ።

"ሹፌር አልነበረም" አልኩት።

ሰውየው በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ታውቀዋለህ ወይ አለኝ። አብረን ሦስት ዓመት ሠርተናል አልኩት። እኛ እንግዲህ በሹፌርነቱ ነው የምናውቀው አለ። መልስ ልሰጠው ዞር ስል ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ፣ አትንቀሳቀስ ወንድሜ አለኝ። ተላጭቼ ስነሳ ሰውየው ሄዷል።

መልሱን ሳልነግረው ቀረሁ። ለአንድ ሰው በፀጉር ቤት ወንበር ላይ የሚነገር መልስ አይደለም፤ ረዘም ይላል፤ ስናገረውም እበሳጫለሁ። ቢሆንም ልሞክር።

ሪያድ የመጣሁት በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት መጨረሻ ላይ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ "የኤሌክትሪክ ባለሙያ" ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ከደብረ ታቦር ስወጣ ግን የማውቀው አምፖል መቀየር ብቻ ነው። ከፊሌ፣ ማለት በስሙ ያስመጣኝ አሠሪ፣ አቡ ናይፍ ባዲዓ ሰፈር ውስጥ የአደን ዕቃ መሸጫ ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ አንዲት ጠባብ ወርሻ፣ የጥገና ክፍል፣ ነበረችው። ወርሻዋ ውስጥ የሚጠገነው በብዛት የጭልፊት መቀበያ ነው። እዚህ አገር ሰዎቹ ጭልፊታቸውን ይዘው በረሃ ሲወጡ ጭራዋ ላይ ጥፍር የምታክል ማሰራጫ ያስሩባታል። ጭልፊቷ የምታድነውን ተከትላ ከዓይን ስትሰወር ማሰራጫዋ ጢት፣ ጢት ትላለች። ባለቤቱም በእጁ በያዘው መቀበያ ድምፁን እየተከተለ ይደርስባታል። አንዳንዷ ጭልፊት የአዲስ መኪና ዋጋ ታወጣለች፤ ስለዚህ መቀበያ የሚጠግን ሰው ይከበራል ብዬ ገምቼ ነበር።

ጋሽ ይመርን ያገኘሁት እዚያች ወርሻ ውስጥ ነው። ያኔ አምሳ አምስት ዓመት ግድም ይሆነዋል። አገር ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ተራራ ላይ ያሉ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ጣቢያዎችን ሲጠግን የኖረ ቴክኒሻን ነው። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣ፤ ውጭ አገር ልሂድ ሲል የተገኘለት ቪዛ የቤት ሹፌር ቪዛ ብቻ ሆነ። ስለዚህ አምፖል ለዋጩ እኔ በወረቀት ባለሙያ ነበርኩ፤ ባለሙያው እሱ ደግሞ በወረቀት ሹፌር። ጠዋት ጠዋት የአቡ ናይፍን ልጆች ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ የአቡ ናይፍን ሚስት፣ መዳምን፣ ገበያ ይወስዳል፣ በመሃል በተገኘችው ሰዓት ወርሻዋ ውስጥ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ቦርድ ሰጠኝና እነዚህን የዕቃ እግሮች በይድ አለኝ። በየድኩ። በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ መበየጃውን ካውያ ከእጄ ወስዶ፣ ሁሉንም አቀለጠና እንደገና አለኝ። ሦስት ጊዜ አፈረሰብኝ። በአራተኛው "ይኼ ይቆያል" አለ፤ ከዚያ በላይ ምስጋና ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። እርስዎ ስለውም አስቆመኝ። "አንተ በለኝ ደምሴ። ካውያ እጅህ ላይ እያለ ረጅም ቃል አያስፈልግም።"

የግራ አውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጎ እንደ ጠመንጃ መፍቻ ይጠቀምበት ነበር። አንድ ነገር እምቢ ሲለው ጫማውን አውልቆ ወንበሩ ላይ እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አቡ ናይፍ ይኼን ሲያይ ይናደዳል። ሌላው ጠባዩ ያልለካውን ቁጥር አለመናገሩ ነው። ስንት ሰዓት ሆነ ብትለው እንኳ ስልኩን ሳያይ አይመልስልህም።

የሦስቱን ዓመት ጣጣ ያመጣው አቡ ናይፍ ነው። ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት ማሰራጫ ነበር፤ ሦስቱም በየራሳቸው ባንድ፣ በየራሳቸው የሞገድ ክልል፣ የሚሠሩ። በርከት ያሉ ጭልፊቶች ያሉት ሰው ሦስት መቀበያ ተሸክሞ ነው በረሃ የሚገባው። አቡ ናይፍ አንድ ቀን ሦስቱን መቀበያዎች ጠረጴዛችን ላይ ደረደረና፣ እነዚህን በአንድ እጅ የሚያዝ አንድ መቀበያ አድርግልኝ፣ ባትሪውም የአንድ ሳምንት አደን ይቻል አለ። ጋሽ ይመር ሦስቱንም ከፍቶ ካየ በኋላ "የሚከብደው ቃኚው ነው" አለኝ በአማርኛ። በመጽሐፍ ስሙ ፍሪኩዌንሲ ሲንተሳይዘር የሚባለውን ክፍል እሱ ቃኚ ነበር የሚለው።

ምን እንደሆነ ያስረዳኝ በዚያው ሳምንት ነው። "ሬዲዮ ውስጥ አንድ ዘፋኝ አለ" አለኝ። "የትኛውን ጣቢያ እንደምትሰማ የሚወስነው የሱ ድምፅ ቅጥነት ነው። ይኼ ዘፋኝ ፈጣን ነው፣ ግን ይባዝናል። ሙቀት ሲነካው ይወርዳል፣ ብርድ ሲነካው ይወጣል። ክሪስታል የሚባል ሌላ አለ። እሱ ቀርፋፋ ነው፣ ግን አይዋሽም። የኛ ሥራ ፈጣኑን በቀርፋፋው ማሰር ነው።" ሲታሰር ቦርዱ ላይ ያለች አረንጓዴ መብራት ትበራለች፤ ጋሽ ይመርም "ያዘ" ይላል።

ተዘጋጅተው የሚሸጡት ቃኚዎች ባትሪውን በአንድ ቀን ይጨርሱታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የጫማ ሣጥን ያክላሉ። እሱ የፈለገው የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ሦስቱንም ባንድ የምትቃኝ፣ ባትሪ ግን ለስሙ ብቻ የምትነካ ነገር ነበር። ዕቃውን ከአሮጌ ሞባይሎችና ከገመድ አልባ ስልኮች እየነቀልን ሰበሰብን። ከዚያ መከራው ተጀመረ። ባትሪ ልቆጥብ ሲል ዘፋኙ ይደክማል፤ ሲደክም ያንሾካሽካል፤ በሹክሹክታው ውስጥ ሩቅ ያለችው ጭልፊት ትጠፋለች። ቶሎ ይያዝ ሲል ይጮኻል፤ ጸጥ ይበል ሲል ይዘገያል። አንዱን ባንድ ሲያስተካክል ሌላው ይበላሻል። እኔ በአንድ ወር የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ፍተሻ በረታ። ኢቃማው ላይ ከተጻፈው ሥራ ውጭ ሲሠራ የተገኘ ሰው ወደ ተርሂል፣ ወደ ማባረሪያው እስር ቤት፣ ይወሰዳል ተባለ። መንሱራ ሰፈር አብረውኝ ይኖሩ ከነበሩት ልጆች ሁለቱ ከሥራ እንደወጡ አልተመለሱም፤ ድምፃቸውን የሰማሁት ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ነው። አቡ ናይፍ ፈራ። ጋሽ ይመርን ወርሻ ውስጥ እንዳላይህ፣ የቤት ሹፌር ነህ፣ ቦታህ መኪና ውስጥ ነው አለው። ሥራውን ግን አቁም አላለውም።

ስለዚህ ጋሽ ይመር ወርሻውን ወደ መኪናው ወሰደው። አንዲት ጠፍጣፋ እንጨት በመሪው ልክ ቆርጦ እንደ ጠረጴዛ አደረጋት። በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ካውያ ገዛ። ልጆቹን አድርሶ እስኪወጡ ትምህርት ቤት በር ላይ ይቆማል፣ መዳምን ገበያ አስገብቶ እስክትወጣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይጠብቃል። ሌሎቹ ሹፌሮች ጥላ ፈልገው ተሰብስበው ሲያወሩ እሱ መስኮቱን ዘግቶ ቦርዱ ላይ ያጎነብሳል። ሞተር እንዳያስነሳ አቡ ናይፍ ነዳጁን ይቆጣጠራል። በሐምሌ የሪያድ ፀሐይ መኪናው ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው መግለጽ አልችልም። ላቡ ቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩን በፎጣ አስሮ ነበር የሚሠራው።

እኔ እሱ የሚገባውን ወንበር ይዤ ወርሻ ውስጥ በግልጽ እቀመጣለሁ። ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ይልካል፤ ይኼን ቀይር፣ ያንን ለካ፣ ቁጥሩን ንገረኝ። እነግረዋለሁ። እርግጠኛ ነህ ይለኛል። እንደገና እለካለሁ። ልክ ነገሩ ወደ መያዙ ሲቃረብ መዳም ደውላ ታጣድፈዋለች፤ "ይመር፣ ያላ።" ቦርዱን ከወንበር ሥር ከትቶ ሞተር ያስነሳል። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ግን ከዚያች "ያላ" የተረፈ ልኬት ትዝ አይለኝም።

የመጀመሪያው የሪያድ ብርድ ሲገባ ቃኚው በሙቀት ላይ ይይዝ ጀመር። አቡ ናይፍ ይኼን ሲሰማ ለአርብ እንግዶች ጠራ። ጋሽ ይመር ለመነው። በብርድ አልለካሁትም፣ ሁለት ሳምንት ስጠኝ አለው። አቡ ናይፍ ኸላስ፣ አለቀ፣ እንግዶቹ ተጠርተዋል አለ።

ከሪያድ ወጣ ብሎ ያለው በረሃ በጥር ማለዳ አጥንት ይሰብራል። ከእንግዶቹ አንዱ ነጭ ጭልፊት ነበረችው፤ ከልጆቹ እኩል የሚወዳት ይመስላል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ለቀቃት። አንዲት ወፍ ተከትላ ዝቅ ብላ ሄደች፣ ኮረብታውን ተሻገረች፣ ጠፋች። መቀበያው ናይፍ እጅ ላይ ነው፤ የአቡ ናይፍ የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር። ጢት፣ ጢት ሲል ቆየና ድምፁ ሽሽሽ ወደሚል ጫጫታ ተለወጠ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

ጋሽ ይመር መቀበያውን ከናይፍ እጅ ነጥቆ ጃኬቱ ውስጥ፣ ብብቱ ሥር ከተተው። ሁላችንም ቆመን እናየዋለን። ትንሽ ቆይቶ አወጣው፤ መብራቷ በርታለች፣ ድምፁ ተመልሷል። ሁለት እርምጃ ሳንሄድ ደግሞ ጠፋች። እንደገና ብብቱ ሥር። እንዲህ እያደረገ እስከ ኮረብታው ወጣ። ከኮረብታው ማዶ ሲደርስ ቢያሞቀውም የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ጭልፊቷ ርቃለች። እስከ ቀትር በመኪና ዞርን። አልተገኘችም። በማግስቱም አልተገኘችም።

እዚያው በረሃ ላይ፣ እንግዶቹ ፊት፣ ጋሽ ይመር ምክንያቱን ለማስረዳት አፉን ከፈተ። ብርዱ ዘፋኙን ከምንደርስበት በላይ አወጣው፣ ማሰሪያው አጠረ ሊል ነበር። አቡ ናይፍ አላስጨረሰውም።

"አንተ ሹፌር ነህ" አለው። "መኪናህን ንዳ።"

ነዳ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እንግዶቹን ከኋላ ጭኖ ሪያድ አስገባን። ሁሉንም በየቤታቸው ካደረሰ በኋላ እኔን መንሱራ ሲያወርደኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሳልለካ መስጠት አልነበረብኝም።" ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ ልነግረው ብዙ ቃል አወጣሁ። ቦርዱን በዓይኑ እየፈለገ ነበር፤ የሰማኝ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ አቡ ናይፍ አቁም ብሎት ነበር። እሱ ግን ቀጠለ። ብርድ የት እንደሚያገኝ ሲያስብ የመዳምን የሥጋ ማቀዝቀዣ አገኘ። ቦርዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከዶሮዎቹ መሃል ይከታል፣ ገመዱን በበሩ ጠርዝ አውጥቶ ኩሽና ጥግ ተንበርክኮ ይለካል። ቤቱ ውስጥ የምትሠራ ዘሃራ የምትባል የወረባቦ ልጅ ነበረች፤ መዳም ስትመጣ ድስት እያንኳኳች ታስጠነቅቀዋለች። ለሦስት ሳምንት ሠራ። አንድ ቀን ዘሃራ ፎቅ ላይ ተልካ መዳም በሩን ከፈተች። ገመድ ከዶሮ ውስጥ ሲወጣ ያየች ሴት ምን እንዳሰበች አይገባኝም፤ ብቻ ጩኸቷ ጎረቤት ተሰማ አሉ። ማቀዝቀዣው ተቆለፈ። ከዚያ በበረዶ ሣጥን ሞከረ፤ እርጥበቱ ቦርዱን አበላሸው። የብርዱ ልኬት ሳያልቅ ቀረ፤ ይኼ ነገር እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

ቢሆንም መፍትሔውን አገኘው። ያገኘው ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ተቻኩሎ አልደወለልኝም፤ በድምፅ መልእክት በዝግታ ነገረኝ። ዘፋኙን ሜዳ ሙሉ ለቀን በአንድ ገመድ ልንይዘው ስለሞከርን ነው ገመዱ ያጠረው አለ። ሜዳውን በሠላሳ ሁለት ትናንሽ መደብ ከፋፈለው። ቃኚው መጀመሪያ መደቡን ይመርጣል፣ ከዚያ በአጭር ገመድ ያስራል። ብርድ ገፍቶ ካስወጣው ወደ ጎረቤት መደብ ይሻገራል። ባትሪውንም በሌላ ብልሃት አዳነው። ማሰራጫዋ የምትጮኸው በየጊዜው ስለሆነ መቀበያው የመጀመሪያውን ጢት ከሰማ በኋላ ይተኛል፤ ልክ ሁለተኛው ሊመጣ ሲል ነቅቶ ይይዝና ሰምቶ ደግሞ ይተኛል። ይኼ እንዲሆን ዓይን ከሚርገበገብበት በፈጠነ ጊዜ መያዝ ነበረበት። ያዘ።

አቡ ናይፍ የአዲሱን ቦርድ ባትሪ አምስት ቀን ሲቆይ አይቶ ልቡ ተመለሰ። እንሽጠው አለ። ጋሽ ይመር ግን አልጨረስኩም አለ። በመካከለኛው ባንድ አንድ ቦታ ላይ ያፏጫል። እኔ ብዙ ጊዜ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት። ማን ይሰማዋል አልኩት። "እዚያ ላይ የምትጮኽ ማሰራጫ ያሰረ ሰው ይሰማዋል" አለኝ። ለዚያች ፉጨት ሰባት ወር ሄደ። ሰባት ወር ሙሉ ገመድ አስቀየረኝ፣ ቦርድ አሳጠበኝ፣ የበየድኩትን አስፈታኝ። በመጨረሻ ፉጨቱ የመጣው ቁጥር ከምታሳየው ትንሽ መስኮት እንደሆነ አወቀ፤ አንዲት ገመድ በጣት ስፋት ስናርቃት ጸጥ አለ። እኔ ካውያውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ መሆን ነበረበት። ግን ያቺን ገመድ ከሰባት ወር በፊት ለምን አላራቅናትም የሚለው እንደ እሳት ነበር የሚያቃጥለኝ። እሱ ጫማውን እያጠለቀ፣ ልጆቹ የሚወጡበት ሰዓት ደርሷል ብሎ ሄደ።

ከዚያ የመጣውን ነገር ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

ማጂድ የሚባል መሐንዲስ መቀበያ ሊያስጠግን መጣ። የሬዲዮ ሥራ ያለው ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ቦርድ አይቶ መጠገኑን ረሳ። አገላበጠው፣ በስልኩ መብራት አየው፣ ማን ሠራው አለ። አጠገቤ የቆመው ናይፍ፣ እኔ አለ። ማጂድ ደስ ብሎት፣ ለመያዝ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል ብሎ ጠየቀው።

"አንድ ሰከንድ" አለ ናይፍ።

ጋሽ ይመር የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል፤ መዳምን ሊወስድ ነው። ፊቱ የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው ፊት መሰለ። ስሙ ሲወሰድበት ዝም ያለ ሰው ቁጥሩ ሲበላሽ ዝም ማለት አቃተው።

"ግማሽ ሚሊሰከንድ" አለ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛው። "በሦስተኛው ባንድ ጫፍ ላይ ትንሽ ይዘገያል።"

ማጂድ ዞረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ፤ በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ የቀረውን በወረቀት ላይ እየሳሉ። የመዳም ስልክ ይጮኻል፣ ጋሽ ይመር አያነሳም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የመዳምን ስልክ ሳያነሳ አይቼው አላውቅም። ማጂድ ሲሄድ፣ እኛ ጋ ና፣ ከፋላህን፣ የአሠሪነት ወረቀትህን፣ ወደኛ እናዛውራለን አለው። ጋሽ ይመር ያን ቀን መኪናውን ሲያስነሳ ሁለት ጊዜ ጠፋበት።

ከዚያ ወረቀት ተጀመረ። ሥራውን ለማዛወር መጀመሪያ ኢቃማው ላይ "የቤት ሹፌር" የሚለው መቀየር አለበት። ለመቀየር የተረጋገጠ ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው ኮምቦልቻ ነው፤ ወንድሙ ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። ማስረጃው ላይ ይመር አሊ ሰይድ፣ ፓስፖርቱ ላይ ይመር ሰይድ ተብሎ ተገኘ፤ ሁለቱ አንድ ሰው ለመሆናቸው ሌላ ወረቀት መጣ። ያ ወረቀት ሲደርስ ለትርጉም፣ ትርጉሙ ሲያልቅ ለማኅተም። ሁሉም ነገር ሲሟላ የከፊሉ ፈቃድ ብቻ ቀረ። አቡ ናይፍ ኢንሻአላህ አለ። በየሳምንቱ ኢንሻአላህ አለ። ማጂድ በየሳምንቱ ይደውል የነበረው በየወሩ፣ ከዚያ በዓል ሲሆን ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን እኔው አቡ ናይፍን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በእውነት ግራ ገብቶት ነው ያየኝ። "እሱ ከሄደ ልጆቹን ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል?" አለኝ።

በሁለት ሺህ ስምንት መጨረሻ ላይ ልጆቹን የሚያደርስ ሌላ ሰው ተገኘ። ጋሽ ይመር ያኔ ይለቀኛል ብሎ አሰበ። አቡ ናይፍ ግን በፓስፖርቱ ላይ ኹሩጅ ኒሃኢ አስመታለት፤ የማይመለሱበት መውጫ። ቃኚው እዚህ ሱቅ የተሠራ ነው፣ ሌላ ድርጅት ወስዶ እንዲሠራው አልፈልግም አለ። አሥር ቀን ተሰጠው።

እነዚያን አሥር ቀናት ምን ሠራባቸው መሰላችሁ? ሻንጣ አላዘጋጀም። የብርዱን ሠንጠረዥ ሲያስተካክል ከረመ። የትኛው መደብ በስንት ዲግሪ ላይ እንደሚመረጥ ለቃኚው የሚነግረው ሠንጠረዥ ነው፤ ከማቀዝቀዣው ባገኛቸው ቁጥሮች ላይ ተመሥርቶ የቀረውን በስሌት ይሞላል። ለኔ ይኼ ከአቅም በላይ ሆነ። ተወው አልኩት። በመጀመሪያው ብርድ ይጥፋባቸው፣ እንግዶቻቸው ፊት ይዋረዱ፣ አንተን ያዋረዱህን ያህል። ድምፄ ሱቁ ድረስ ተሰምቷል።

ጋሽ ይመር ቀና አለ። "ሬዲዮው ምን አጠፋ?" አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ አላናገርኩትም። ሲሄድም አውሮፕላን ማረፊያ አልሸኘሁትም። ዘሃራ እንደነገረችኝ እስከ ማረፊያው መኪናውን የነዳው ራሱ ነው። ናይፍ ከጎኑ ተቀምጦ ሄዶ፣ እሱን አውርዶ፣ መኪናውን ይዞ ተመለሰ።

እሱ በሄደ በጥቂት ወራት ብርዱ ሲገባ አቡ ናይፍ እንደገና እንግዶች ጠራ። እኔ እንደ ባለሙያ ተወሰድኩ። ለማየት ብቻ ነበር የሄድኩት፤ እውነቱን ለመናገር እንዲጠፋ ፈልጌ ይሁን እንዲይዝ ፈልጌ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጭልፊቷ ሦስተኛውን ኮረብታ ተሻግራ ጠፋች። አረንጓዴዋ መብራት አልጠፋችም። ጢት፣ ጢት እያለ ወሰደን፤ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ያደነችው ላይ ቆማ አገኘናት። እንግዶቹ ናይፍን እየዞሩ ሳሙት።

"ይኼን የሠራው ይመር ነው" አልኩ በዓረብኛ። ከአፌ ሲወጣ ለኔም ድንገት ነበር።

አቡ ናይፍ ወደ ጭልፊቷ ዞረ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ አንድ ደግ የሚመስል ሽማግሌ፣ ይመር ማነው አለ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስ የነበረው አልኩት። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና "ማሻአላህ" አለ። ቀጥሎ፣ እኔም ሹፌር እየፈለግኩ ነው፣ አነዳዱ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ሪያድ እንደገባን ኮምቦልቻ ደወልኩ። ሳልሸኘው ስለቀረሁ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ እሱ ግን ደህና ነህ ወይ ብሎ ቤተሰቤን ሁሉ በየስማቸው ጠየቀኝና ዕድል አልሰጠኝም።

"ጋሼ፣ ያዘ" አልኩት። "ዛሬ በማለዳ። አንዴም አልጠፋም።"

ጥያቄው ወዲያው መጣ።

"ስንት ዲግሪ ነበር?" አለኝ።

አልለካሁም። ያን ሁሉ ዓመት አብሬው ሠርቼ፣ በዚያ ማለዳ መለኪያ ማየት ትዝ አላለኝም። አላውቅም ብለው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ስለዚህ መያዙን አታውቅም ይለኛል፣ ልክም ይሆናል።

"ሁለት" አልኩት።

"በምን ለካኸው?"

"በመኪናው መለኪያ።"

"በነጩ መኪና?"

"አዎ።"

"እሱ ሁለት ዲግሪ ጨምሮ ነው የሚያሳየው" አለ። "ውስጡ ተቀምጬ ከሌላ መለኪያ ጋር ስንት ጊዜ አስተያይቼዋለሁ። ዜሮ ነበር ማለት ነው።" ከዚያ ስልኩን ከአፉ ራቅ አድርጎ፣ ቤት ውስጥ ላለ ሰው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ "በዜሮ ያዘ" ሲል ሰማሁት። ድምፁ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

እኔ ያን ቀን የመኪናውን መለኪያ አላየሁትም ነበር።